የሸሀቡ ደርሶ መልስ

ሸሀቡ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። በዚያን ዘመን ዳባት ውስጥ ብስክሌት ያለን ጥቂቶች ነን፤ አስተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች፣ አንድ ሁለት ነጋዴዎች። የሁላችንም ጎማ በእሱ እጅ አልፏል። ሱቁ ከገበያው ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። እኔም የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ ላስለጥፍ እየሄድኩ ብዙ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጫለሁ። ጥያቄ ሲጠይቁት መጀመሪያ ጠያቂውን ያያል፣ ቀጥሎ በሩን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልስ የሚሰጠው። ይህን የለመደው ታናሽ ወንድሙ ባሽር ከጠፋ ወዲህ ነው።

ባሽር ጎንደር ሲማር ቆይቶ በ1969 ዓ.ም. ጫካ ገባ ተባለ። አየሁት የሚል ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ እናታቸውን አሲያን ወስደው ሁለት ወር አሰሯቸው። ሲፈቱ አንደኛው ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ምን እንደደረሰባቸው ለልጃቸው አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቃቸውም።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ደባርቅ የስፖርት በዓል ይደረጋል ተባለ። እግር ኳሱና ገመድ ጉተታው የተለመደ ነው፤ የዚያ ዓመት ግን አዲስ ነገር መጣ። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ካድሬ ላቀው፣ በሌላ አገር ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳያርፉ በአንድ ቀን የሚወዳደሩበት ጨዋታ እንዳለ መጽሔት ላይ አንብቦ ኖሯል። እኛም እንሞክረው አለ። ዋናው ከዳባት በታች ወንዙ ጠለቅ በሚልበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ምልልስ። ከዚያ በብስክሌት ወቅንን አልፎ እስከ ደባርቅ። ደባርቅ ላይ ብስክሌቱን ትቶ በሩጫ ሊማሊሞን መውረድ፤ አራተኛው መታጠፊያ ላይ የቆመ ሚሊሺያ ክንድ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ከዚያ ዳገቱን ተመልሶ ወጥቶ ደባርቅ ኬላው ላይ መጨረስ። ሩጫው ብቻውን ሃያ ኪሎ ሜትር ነው ተባለ። የለካው ሰው ግን የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ሊማሊሞ ነው። ከዚያ ቁልቁለት በታች ያለው ቆላ የመንግሥት እጅ የማይደርስበት ነው ይባል ነበር። መኪና የሚወርደው በወታደር ታጅቦ ነው። እግረኛም ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላውን አያልፍም። በበዓሉ ቀን ግን አሥራ አንድ ሰው ያለ ወረቀት፣ ያውም በሩጫ ሊወርድ ነው።

ላቀው የስም ዝርዝሩን ይዞ ሱቁ ድረስ ሲመጣ እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ከዳባት የመጀመሪያው ስም ያንተ ነው» አለው።

ሸሀቡ ላቀውን አየ፤ በሩን አየ። «ጓድ ላቀው፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም።»

«ብስክሌት ላይ የሚደርስብህ የለም። ዋናም ከልጅነትህ ጀምሮ ትችላለህ አሉኝ።»

ማን እንዳለው አልተናገረም። ስሙ ፊት ለፊት ምልክት አድርጎ ወጣ። ሸሀቡ የያዘውን ጎማ እንዳንጠለጠለ ቆመ። ዋና መቻሉን የሚያውቁት እናቱ፣ ሚስቱና ባሽር ናቸው። ከሦስቱ ለላቀው የሚነግር ማን ነው? እኔንም አየኝ። እኔ አላውቅም ነበር፤ ግን ለምን እንዳየኝ ገባኝና ፊቴን አዞርኩ።

ምሳ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ኡሙሰልማ ነገሩን ስትሰማ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ወንድሙ ጫካ ነው እያሉ የሚያሙትን ሰው እንዴት ወደ ጫካ ሩጥ ይሉታል?» አለች።

ሸሀቡ ከዚያ በኋላ ለቀናት ያሰበው ይህንኑ ነበር። እምቢ ቢል ምን የሚያስፈራው ነገር አለ ይባላል። ጀምሮ ቢያቋርጥ፣ በተለይ ቁልቁለቱ ላይ ሰው በማያየው ቦታ ቢቀር፣ ጠፋ ይባልና ኡሙሰልማ እናቱ የታሰሩበት ቤት ትገባለች። ቢሮጥ ደግሞ ምናልባት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ወርዶ ማን እንደሚቀበለው ማየት። ለኡሙሰልማ ይህን ሁሉ ነገራት። እሷም የመለሰችለት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስትወርድ እኔ እዚህ መሆኔን አስብ።»

ብዙ ዓመት ቆይቶ ይህን ሲነግረኝ፣ «እሷም ልሄድ ነው ብላ እንደጠረጠረችኝ ያን ጊዜ አወቅሁ» አለኝ። አልተቀየማትም። ይልቁንም ላቀው ከጠረጠረው ይልቅ እሷ የጠረጠረችው ከብዶት ነበር።

በዋዜማው ብስክሌቶቹ ተሰብስበው ቀበሌው አዳራሽ ተቆለፈባቸው። ለቁጥጥር ነው ተባለ። በበዓሉ ጠዋት ሸሀቡ ብስክሌቱን ሲረከብ ጎማውንና የፔዳሉን ካቴና ፈተሸ። ፍሬኑን ግን አልፈተሸም፤ ላቀው በአጠገቡ ቆሞ እያየው ስለነበር እጁ ፈጠነ።

ወንዙ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለት ሰዎች እዚያው ወጥተው ቀሩ። ሸሀቡ በሦስተኛነት ወጥቶ ልብሱን በእርጥብ ገላው ላይ ደርቦ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጠ። ጠጠሩ መንገድ ላይ አንዱን አልፎ ሁለተኛ ሆነ። ከኋላ የኮሚቴው ፒካፕ ይከተላል፤ ላቀው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወቅንን አልፎ ያለው ቁልቁለት ላይ ሸሀቡ ፍሬን ሲይዝ እጀታው ባዶ ሆነበት። ገመዱ ተበጥሷል። መንገዱ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደና ከካብ ድንጋይ ጋር ተላተመ። ያረፈው በቀኝ ጉልበቱ ነው።

ፒካፑ ቆመ። ላቀው ሳይወርድ በመስኮት፣ «ታቋርጣለህ?» አለው።

ሸሀቡ መልስ ከመስጠቱ በፊት የተበጠሰውን ገመድ አነሳ። ጫፉ ገሚሱ የተተረተረ ነው፤ ገሚሱ ግን በስለት እንደተቆረጠ እኩል ነው። ብስክሌቱ ያደረው ቀበሌው አዳራሽ ነው። የአዳራሹ ቁልፍ ደግሞ ላቀው ዘንድ ነው።

«አላቋርጥም» አለና ብስክሌቱን አነሳ።

እስከ ደባርቅ የቀረውን መንገድ የሄደው በአንድ እግር ነው ማለት ይቻላል። በግራው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ቀኙን ፔዳሉ ራሱ ያዞረዋል፤ በዞረ ቁጥር ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲፋጭ ይሰማዋል። ቁልቁለት ሲያገኝ ፍሬን ስለሌለው ወርዶ ይገፋል። ደባርቅ ሲደርስ ጉልበቱ አብጦ ሱሪውን ሞልቶታል። አልጣሽ የምትባል የደባርቅ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሱሪውን በመቀስ ቀድዳ አየችው።

«በዚህ መሮጥ አትችልም» አለችው።

«እሰሪልኝ ብቻ።»

«አጥንቱ ተነክቶ ይሆናል እኮ፤ ኋላ ትጎዳለህ።»

ሸሀቡ ቀና ብሎ አያት። እንዲያቋርጥ የምትመክረው ለምንድን ነው? የላካት የራሷ ርኅራኄ ይሁን ሌላ ሰው እንዴት ይታወቃል? «እሰሪልኝ» አለ ደግሞ። እሷም በወፍራም ጨርቅ ጠፍራ አሰረችው።

ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ አፍ ድረስ እያነከሰ ሮጠ። መከራው የጀመረው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ወደ ፊት ሲረግጥ ክብደቱ በሙሉ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ሊነሳ ሲል በእጁ ተደግፎ ወደ ኋላ ተራመደና ሕመሙ ጋብ እንዳለለት አስተዋለ። ስለዚህ ፊቱን ወደ ዳገቱ መልሶ፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ የኋልዮሽ መውረድ ጀመረ። ቀድመውት ወርደው የሚመለሱት ሯጮች ሲያዩት ደነገጡ። አንዱ፣ «ማን እየተከተለህ ነው?» ብሎት አለፈ። ሸሀቡ ያን ጊዜ ነው ከሩቅ ለሚያየው ሰው ምን እንደሚመስል የገባው። ኋላውን እየጠበቀ የሚሸሽ ሰው ይመስላል። ግን ሌላ አወራረድ አልነበረውም።

አራተኛው መታጠፊያ ላይ ደምለው የሚባል ሚሊሺያ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሸሀቡ ሲደርስ ከኮዳው ውሃ ሰጠው። ጨርቁን ሊያስርለት ጎንበስ ሲል በዝግታ ተናገረ።

«ወንድምህን የሚያውቁ ሰዎች ከታች ይጠብቁሃል። አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው።»

አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ባሽር አንድ ቃል የነገረው ሰው አልነበረም። ሞቷል ያለውም የለም፣ አለ ያለውም የለም። ወደ ታች አየ። መንገዱ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ልቡ ሲመታ ጉልበቱም አብሮ ይመታ ነበር። ይህ ሰው እውነተኛ መልእክተኛ ይሁን የላቀው ወጥመድ፣ ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻለም። ቢያመሰግነው ሊሄድ ያሰበ ይመስላል፤ ቢቆጣውም የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል።

«ጨርቁን አጥብቀህ እሰረው» አለ። ታስሮለት ሲያበቃ ወደ ዳገቱ ዞረ።

ዳገቱን ሲወጣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት አያውቅም። መንገዱ ዳር ያሉትን ድንጋዮች እየቆጠረ፣ በየአሥሩ አንዴ እየቆመ ወጣ። አንዳንዱን ቦታ በእጁም ጭምር ነው የወጣው። ያሰበው ስለ ባሽር ነው ብዬ ነበር። አይደለም አለኝ፤ ያሰበው ከታች አንድ ሰው ስሙን ቢጠራው ዞር እንዳይል ነበር። ማንም አልጠራውም።

ከሰዓት በኋላ ኬላው ሲደርስ ሰባተኛ ሆኖ ገባ። ከኋላው ሰው አልነበረም፤ የቀሩት አቋርጠዋል። ያጨበጨበለት ጥቂት ነው። ላቀው ሰዓቱን ይዞ ቆሟል።

«ተመለስክ?» አለው።

«ደርሶ መልስ ነው ብላችኋል» አለ ሸሀቡ።

ወደ ሕክምና ሳይሆን ኬላው ጀርባ ወዳለው ክፍል አስገቡት። ላቀውና አንድ ወታደር ነበሩ። ለምን የኋልዮሽ እንደወረደ፣ ማንን ሲጠብቅ እንደነበረ ጠየቁት። ስለ ጉልበቱ ነገራቸው፤ አላመኑትም። አልጣሽ ተጠራች። ጨርቁን ፈታ ጉልበቱን ዳሰሰችና የጉልበቱ ሎሚ አጥንት መሰንጠቁን ነገረቻቸው። «እንዲህ የሆነ ሰው ቁልቁለት ከወረደ የሚወርደው የኋልዮሽ ነው። እንዴት እንደወጣ ግን እኔም አላውቅም» አለች። ሸሀቡ ጠዋት እሷን መጠርጠሩን አስታውሶ አፈረ።

ከዚያ ላቀው ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣ። «ደምለው ምን አለህ?»

ይህ ነው ከጉልበቱ የባሰበት። ቢናገር፣ ደምለው እውነተኛ ከሆነ ዛሬውኑ ያልቅለታል። ቢደብቅ፣ ነገሩ ፈተና ከሆነ ራሱ አለቀለት።

«ውሃ ሰጠኝ» አለ።

ላቀው ወታደሩን በሩ ላይ ትቶ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ፣ ሂድ አለው። በፒካፑ ተጭኖ ዳባት ገባ። ኡሙሰልማ በር ላይ ቆማ ነበር። እግሩን ሳይሆን ፊቱን አየችና አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ ተነስቶ ብስክሌቱን ሲጠግን ያን የፍሬን ገመድ ደግሞ አየው፣ አስታወሰውም። አሮጌ ገመድ ነው፤ አምና ከሌላ ብስክሌት ፈቶ፣ ረዝሞበት ሊያሳጥረው ገሚሱን በመቁረጫ ከነካ በኋላ፣ መቁረጡን ትቶ እንዲሁ ይበቃል ብሎ ያሰረው ራሱ ነበር። ያን ቀን ሙሉ ላቀውን የጠረጠረበት ነገር የገዛ እጁ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፣ ግን ላቀውን በሌላው ነገር ነጻ አላወጣውም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1984 ይመስለኛል፣ ደምለው ገብስ ጭኖ ዳባት ገበያ መጣ። ጠመንጃ የለውም፣ አርጅቷል። ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «አወቅኸኝ?» አለ። ሸሀቡ አወቀው። ደምለው ተቀምጦ ሳይጠየቅ ነገረው። ያን ቃል እንዲለው ያዘዘው ላቀው ነበር፤ ከታች ማንም አልነበረም። ቃሉን የሰማ ሯጭ ተመልሶ ለላቀው ካልተናገረ ይታሰራል ተብሎ ነበር። ደምለው ግን ላቀው ኬላው ላይ ሲጠይቀው፣ ሌላ ሯጭ አጠገባችን ስለነበረ ሳልነግረው ቀረሁ ብሎ መለሰ።

«ለምን?» አለው ሸሀቡ።

«ጉልበትህን አይቼ። በእንዲያ ያለ እግር ዳገቱን የመረጠ ሰው የሚመለስለት ቤት አለው ብዬ።»

ሸሀቡን አመንከው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በዚያ ዓመት ሰው አተረፍኩ የማይል ሚሊሺያ እንዳልነበረ አስታወሰኝ። ባሽርንም እንደሆነ ደምለው አያውቀውም፤ አሲያ ልጃቸውን ሳያዩ በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ። ሸሀቡ ግን ሰውየውን ባዶ ሆዱን አልሸኘውም። ዕለቱ ዓርብ ስለነበረ ደምለው የጾም ምግብ ነው የሚበላው፤ ሸሀቡ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ወሰደውና ኡሙሰልማ ሽሮ ሠራች። ማን ነው እንግዳው ብላ በጆሮው ስትጠይቀው፣ ሊማሊሞ ላይ ውሃ ያጠጣኝ ሰው ነው አላት።