ሁሉን የሚገለብጠው በረኛ

አጎቴ ማንኛውንም ነገር ከመያዙ በፊት ለምን ገልብጦ ጀርባውን ያያል? ከልጅነቴ ጀምሮ የማስበው ነገር ነው፤ መልሱን ዛሬም አላውቅም። ሳህን ሲሰጡት ይገለብጣል። የጥሪ ወረቀት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ያልተጻፈበትን በኩል ነው። ኳስ ጀርባ የለውም፤ እሱ ግን እያዞረ ይፈልግለታል።

ሥራው በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በስፖርት ዕቃ ክፍል ነው። ኳስ፣ መረብ፣ ማልያ ያወጣል፤ ሲመለስ ይረከባል። ትምህርት ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የመማሪያ ክፍሎቹ መስኮት ጣሪያ ሥር ስለሆነ ተማሪ ከመቀመጫው ሜዳውን አያይም፤ ጩኸቱን ብቻ ይሰማል። ሜዳውን የከተማው ሰው በአካፋ ደለደለው፤ አንደኛው ጎል ግን ዝቅ ብሎ ቀረ። ዕጣ የወጣለት ቡድን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ማጥቃትን ይመርጣል። አጎቴ በተማሪነቱ በረኛ ሳለ የታችኛውን ጎል ወዶ ይይዝ ነበር አሉ። ኳሱ እንደ ጎርፍ ይወርድበታል፤ አያልፈውም። «አጥሩ» ያሉት ያኔ ነው። ስሙም በዚያው ቀረ።

በእሱ ዘመን የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበት ዋንጫ ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ዋንጫውን ለዘለዓለም ያስቀረዋል። ሁለቱን ዓመት በአጥሩ በረኝነት አሸነፉ። ከዚያ እሱ የመጨረሻውን ክፍል ጨርሶ ሊሄድ ሆነ፤ ሩቅ ከተማ ያለ የመካኒክ ትምህርት ቤት ተቀብሎት ነበር። ሒሳብ በአንድ ነጥብ ወደቀና ክፍሉን ደገመ። በደገመበት ዓመት ሦስተኛው ድል መጣ፤ ዋንጫው ይኸው በርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የመካኒክ ትምህርት ቤቱ ቦታ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ አባቱም ታመመ። እሱ እዚያው ቀረ።

«አልወደቅኩም» ይላል አጎቴ፤ «ጣሉኝ። ለዋንጫው ብለው ጣሉኝ።»

ይህ ጥርጣሬ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ኑሮው ሁሉ ገባ። ባለሱቁ «አጥሩ፣ ዛሬስ አምሮብሃል» ቢለው፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ይላል። የዕቃ ክፍሉን በር ቆልፎ ይሄድና ተመልሶ ቁልፉን ይጎትታል። እቤት ሲተኛም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው፤ ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ሽማግሌ ልኮ አባቴ እሺ ሲለው ደስ ይለዋል ብለን ነበር» ትላለች ሚስቱ። «‹ምን ቢሆን ነው እንዲህ ቶሎ የሰጡኝ?› ብሎ ሳምንት ሙሉ ጠፋ!»

የትምህርት ቤቱ አምሳኛ ዓመት ሊከበር ሲል ርእሰ መምህሩ እቤት ድረስ መጡ። ያኔ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት አዛውንት ከልጃቸው ዘንድ እንደሚመጡና ዋንጫውን የሚያስረክባቸው አጎቴ እንደሆነ ነገሩት። አጎቴ የጥሪ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«በሰው ሁሉ ፊት እጠይቃቸዋለሁ» አለ እንግዳው ከወጡ በኋላ። «ጣልኩህ ካሉኝ ዋንጫውን እግራቸው ሥር አስቀምጬ፣ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ጨምሬበት እወጣለሁ።»

ሚስቱ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። የሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት የትምህርት ቤቱ ናት፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ሰው አታሳፍር።»

«እኔን ሲያሳፍሩኝ ሽማግሌ አልነበሩማ!»

በዓሉ የተከበረው ሜዳው ላይ፣ ከታችኛው ጎል አጠገብ ነው። መምህሩ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። አጎቴ ዋንጫውን በብብቱ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቀረበ። እኔና ሚስቱ ከኋላው ነበርን። ገና አፉን ሳይከፍት ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አጥሩ! አንተን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ምን ፈልገው ነው?» አለ እንደ ልማዱ።

«ሳልጠይቅህ ብሞት ይቆጨኛል። ያን ዓመት ሆን ብለህ ነው የወደቅከው?»

ኳስ የማያመልጠው ሰው ዋንጫው ከብብቱ ሊያመልጠው ነበር። «እኔ? እርስዎ ነዎት እንጂ የጣሉኝ!»

«እኔማ አንዲት ነጥብ ፍለጋ ወረቀትህን ሳገላብጥ ዓይኔ ጠፋ! ጀርባውን ባዶውን ትተኸዋል። እዚያ ያለችውን ጥያቄ እኮ ሕፃን ይሠራታል። ለዋንጫው ብሎ፣ ትምህርቴን ንቆ ነው ብዬ ተቀየምኩህ። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።»

አጎቴ እጁ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አንዴ ገለበጠው።

«ጀርባ ነበረው እንዴ?» አለ።

ሽማግሌው አፈጠጡበት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ምን ይደረግ፣ በረኛ ወደ ኋላው ካየማ ገብቶበታል ማለት ነው!» አሉ ርእሰ መምህሩ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ዋንጫውን በሁለት እጁ አስረከበ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው እያለፈ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አንዱንም ምን ፈልገህ ነው አላለውም።

እኔ ግን አልሳቅኩም። እሱን እዚያው ትተነው ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቱን ጠየቅኳት።

«ዕቃ መገልበጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«ሳገባውም ይገለብጥ ነበር» አለችና ቆመች። «ምን ልትል ነው?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ዝም በል። ቤታችን አለ፣ ሥራው አለ።»

መንገዳችንን ቀጠልን። ግን ወረቀቱ ጀርባ እንዳለው ዛሬ ከሰማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በየሳህኑ ሥር የሚፈልገው ምን ነበር? ያኔውኑ ያውቅ ከነበረስ፣ ማንን ነበር ሲከስ የኖረው? ወጣት ነበር፤ አንድ ድል ብቻ ቀርቶታል፤ መካኒክነት ደግሞ የአባቱ ምኞት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ዛሬ በምን አውቃለሁ? ወረቀቱ የለም። ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አጥር ነው፤ የሚያሳልፈው ነገር የለም።

ትንሽ ቆይቶ መጣ። ሚስቱ ምሳውን በሳህን አቀረበችለት። እሷም እኔም እጁን እናያለን። ሳይገለብጥ ተቀበለና በላ። እያየነው እንደሆነ ግን አይቷል።

እጁን ታጥቦ፣ ተመልሶ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሳይጎትት፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋደመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ቀስ ብላ መጋረጃውን ሳበች። ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ሳዳምጥ ቆየሁ፤ አስመስሎ እንደሆነ ብዬ። ሲያንኮራፋ ሰዓቴን አየሁ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።