የጌታሁንን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

በ1985 ዓ.ም. ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነበር። ያን ዓመት የሠራሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ መስከሬን እነግራቸዋለሁ እንጂ ይህቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢጎረብጥህ ቻለኝ። ሥራዬ ከጽሑፌ ይብስ ይጎረብጣል።

አቃቂ ውስጥ እኛ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ያቋቋምነው «ድርና ማግ» የሚባል ባንድ ነበር። እኔ ጊታር እመታለሁ፣ ጌታሁን ይዘፍናል። ሁለታችንም የሽመና ክፍል ነበርን። ጌታሁን ዜማ የሚያወጣው እዚያው የሽመናው መኪና ፊት ቆሞ ነው። የመኪናው ኳኳታ ጆሮ ይደፍናል፤ እሱ ግን በዚያው ምት ላይ ይዘፍናል፣ እኔም ከማዶ ከንፈሩን እያየሁ እከተለዋለሁ። ከሥራ ስንወጣ ጊታሬን አስጮሃለሁ። ጎፈሬያችንን አበጥረን፣ ቤልቦተም ለብሰን ስንቆም ወጣቱ «ሮክ ማለት እነሱ ናቸው!» ይል ነበር። አዛውንቱ ያማትቡ ነበር።

ሸክላ አላሳተምንም። በሠራተኛው አዳራሽ አንድ ጊዜ በትልቁ የቴፕ ክር ተቀረጽን፣ በቃ። ዕቃ ያዥ እኔ ስለነበርኩ ክሩም ማጫወቻውም እኔ ቤት ተቀመጠ። በካርቶኑ ላይ ጌታሁን በእጁ ስሙን ጽፎበታል። ሌላ ቅጂ አልነበረም። ይህንን አውቅ ነበር። አላወቅሁም አልልም።

ኋላ ጌታሁን ከኪነት ቡድን ጋር ጦሩን ሊያዝናና ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም። ሚስቱ ወለላ ቃሊቲ እስር ቤት በር ላይ ለጠያቂዎች ሻይ እየሸጠች ጠበቀችው። እኛም ያለ እሱ መጫወት ቀጠልን። ዘፋኙ እኔ ሆንኩ። አዳዲስ ዘፈን አወጣሁ፣ ለፋሁ። ግን ማን ሰማኝ? ዛሬም ድርና ማግን የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው ጎፈሬያችን ጥቁር የነበረበትን ዘመን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜያችን እንዳልተኖረ ነው።

ደርግ ወድቆ፣ ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ ሁሉ ሲገባ ጌታሁን አልገባም። ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ሠርግ ላይ የራሴን ዘፈን ስጀምር ሰዉ ከመድረኩ እየተመለሰ ተቀመጠ። አንዱ ጎረምሳ፣

«ጋሼ፣ ይኼን ተዉትና የጌታሁንን ምቱልን!» አለኝ።

«ተዋቸው እንጂ! የሳቸው ሲጀመር እኮ ነው እኛ እፎይ ብለን የምንበላው» አለ ጓደኛው። ሙሽራው ሳይቀር ሳቀ።

ሥጋዬ ነደደ። በማግስቱ እሑድ ያን ክር አወጣሁ። ሌላ ክር አልነበረኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው፤ መግዛት እችል ነበር። እኔ የፈለግሁት እሱ የነበረበት ላይ እኔ እንድሆን ነው። የመቅረጫውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ጊታሬን ይዤ የራሴን ዘፈኖች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈንኩበት። የኔ አንድ ቃል በገባ ቁጥር የሱ አንድ ቃል ይጠፋል። አውቄ ነው የዘፈንኩት። እንዲያውም ድምፄ ያን ቀን አምሮልኝ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የእድራችን ዳኛ አባባ ደበሌ በሬን አንኳኩ። ከጌታሁን ጋር የነበረ ወታደር በዓይኑ ያየውን ይዞ መጥቷል። ጌታሁን ሞቷል።

«ነገ ማለዳ ወለላን እናረዳለን» አሉኝ። «ጓደኛው ነህ፣ ከፊት ቅደም። ሬሳ የለን፣ መቃብር የለን። ልብሱን ብቻ ደርድረን ምን ይባላል? ድምፁን ይዘህልን ና፣ ልጄ። በሱ ይለቀስለት።»

ያኔ እግራቸው ላይ ወድቄ ብናገር ምን ነበረበት? እሳቸው ሰው ናቸው፣ ይገባቸው ነበር። እኔ ግን፣ «ማጫወቻው ተበላሽቷል፣ አባባ» አልኩ።

«ግድ የለም፣ ክሩን ብቻ አምጣ። ወለላ ትታቀፈው» አሉ።

እሳቸው እንደወጡ ቢላ አነሣሁና የማጫወቻውን ማዞሪያ ጎማ፣ ቺንጊያውን፣ በጠስኩት። ውሸቴን እውነት አደረግሁት። ከዘፈኑም ይልቅ ይህቺ ትከብደኛለች፤ ያኛው በንዴት ነው፣ ይህቺ ግን ቀዝቀዝ ብዬ ነው።

ወለላ ዛሬም አለች። አርጅታለች፣ ያን ክር በነጠላ ጠቅልላ ከራስጌዋ አኑራዋለች፤ የሚያጫውትላት አላገኘችም። ስሄድ «የጌታሁን ወንድም» ብላ ነው የምትስመኝ። አንዳንዴ አብረን ስንቀመጥ «ድምፁ እንዴት ነበር? ጠፋብኝ እኮ» ትለኛለች። እኔም ጠፍቶብኛል። ትዝ የሚለኝ እንደ ሽመና ክፍሉ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ይህን ስታነብ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታው ያንተ አይደለም፤ የሷ ነው፣ እሷን ደግሞ ለመጠየቅ ወኔ አላገኘሁም። ፈሪ ነህ በለኝ፣ እቀበላለሁ።

ቺንጊያውን በበጠስኩ በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀድሜ የወለላን በር መታሁ። ስታየን ገባት። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ እየወደቀች አነሷት። ሴቶቹ ኮቱንና ጫማውን አልጋው ላይ ደረደሩ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ካርቶኑን በሁለት እጄ ይዤ ተጠጋኋትና፣ «ይኸው ጌታሁን» ብዬ የራሴን ድምፅ አሳቀፍኳት።