የአንድ በርሜል ዓሦች በሁለት ኩሬ

ዓሦቹ አሶሳ የደረሱ ቀን መሥሪያ ቤታችን ሥራ ፈቶ ዋለ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ስሙ ለእኛ ለሠራተኞቹ እንኳ አፋችን ላይ በቅጡ አልለመደም፤ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ገና ቀለሙ ይሸታል፤ ማልዶ ያልገባ ሰው ወንበር አያገኝም። አብዛኞቻችን ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን፣ ገና ከትምህርት የወጣን ስለነበርን ይኸ ሁሉ ከማማረር ይልቅ ያስቀን ነበር። እኔ የዓሣ ባለሙያ ተብዬ ተቀጥሬ አንድ ዓሣ ሳላይ ክረምቱ አልፎብኛል። ባልደረቦቼ ጠዋት ጠዋት «ዓሦችሽ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል። ታዲያ ፒክአፑ ትልቅ በርሜል ጭኖ ግቢ ሲገባ፣ ሒሳብ ሹሙ ሳይቀር ወጥቶ በርሜሉ ላይ አጎነበሰ።

«እነዚህ ናቸው እንዴ? ጣቴን አያክሉም!»

«ያድጋሉ» አልኩት፣ ልጄን የሰደበብኝ ይመስል ተቆጥቼ።

ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦች ነበሩ፤ ደጋ ላይ ካለ ሐይቅ የመጡ ጫጩቶች። መንደር ለመንደር ዞሬ ስለ ዓሣ እርባታ ያንን ሁሉ ስሰብክ፣ አምኖኝ ኩሬ የቆፈረው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አንደኛዋ ባምባሲ አጠገብ የምትኖር፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣች ገበሬ ናት። የመንደሩ ሰው ሁሉ እታለም ስለሚላት እኔም እታለም አልኳት። ሁለተኛው በኩርሙክ መንገድ ቁልቁል ተወርዶ፣ ቆላው ውስጥ የሚኖሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን ሁሉም ሼኹ ይላቸዋል።

መጀመሪያ ግማሹን ባምባሲ ወሰድን። የእታለም ኩሬ ከምንጭ የተጠለፈ፣ ማንጎ ዛፎች ያጠሉበት ነው፤ እጄን ብነክረው ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ተሰማኝ። እታለም ጫጩቶቹ ከባልዲው ወጥተው ሲበተኑ እያየች የሻሽዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«ኧረ በአላህ፣ ብርድ አይመታቸውም?»

«ከደጋ ነው የመጡት፤ ይችሉታል።»

«እንግዲያው አገራቸው ነው። አብሽሩ!» አለቻቸው፣ ወደ ውኃው ጎንበስ ብላ።

በማግስቱ ቀሪውን ይዘን ወደ ሼኹ ወረድን። መንገዱ ቁልቁል በሄደ ቁጥር አየሩ ይግላል። ዓሦቹን ከቀዝቃዛ ውኃ አውጥቼ ድንገት ሙቅ ውስጥ ብጨምራቸው እንደማይተርፉ አውቃለሁ። ስለዚህ ወንዝ ባገኘን ቁጥር ሾፌሩን አስቆመዋለሁ፤ ከበርሜሉ ጥቂት እቀዳለሁ፣ ከወንዙ ጥቂት እጨምራለሁ። ሾፌሩ መጨረሻ ላይ መሪውን በእጁ እየደበደበ፣ «ዓሣ ነው የምናደርሰው ወይስ ሙሽራ?» አለኝ።

ሼኹ በነጭ ጀለቢያ ኩሬያቸው ዳር ቆመው ጠበቁን። በርሜሉን አውርደን፣ የኩሬውን ውኃ በቅል በቅል እየቀዳሁ ስጨምር ተመለከቱኝ። ቆይተው እጃቸውን ኩሬው ውስጥ ነከሩና በፈገግታ «ሞያ ከይስ!» አሉኝ።

ደስ አለኝ። «ኧረ ሼኽ፣ ገና ጀማሪ ነኝ እኮ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ሞያ ከይስ!» ብለው ደገሙልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሙያዬ ገና ብዙ ይቀረዋል።»

ሾፌራችን አረብኛ ያውቅ ነበር። በርሜሉን ተደግፎ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። «ውኃው ጥሩ ነው ነው የሚሉሽ! እሳቸው በሚናገሩት አረብኛ ሞያ ማለት ውኃ ነው።» ነገሩ ለሼኹ ሲተረጎምላቸው እሳቸውም ከእሱ ብሰው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዓመት በሁለቱ ኩሬዎች መካከል ስመላለስ አለቀ። የዓሣ ሰውነት እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አይይዝም፤ ውኃው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ይኸን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ሲሆን ያየሁት ግን እዚያ ነው። የእታለም ዓሦች በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከኩሬው ወለል ላይ ተኝተው የሚጣልላቸውን የእህል ብጣሪ እንኳ ዞር ብለው አያዩም። ፀሐይ ሲበረታ ብቻ ወደ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ቀስ ብለው ይበላሉ፣ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ መውለድ የሚባል ነገር አላሰቡም። የሼኹ ዓሦች ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ አደጉና፣ ገና መዳፍ ሳያክሉ መራባት ጀመሩ። አንድ ቀን ብሄድ የኩሬው ዳር በጫጩት ጠቁሯል። እናቶቹ እንቁላላቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ስለሚታቀፉ ምግብ አይነኩም፤ ስለዚህ ከዚያ ብዙም አላደጉ። ንጋት ላይ ሁሉም አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ያዛጋሉ፤ ሙቅ ውኃ አየር አይበረክትበትም። ሼኹ ይኸን ሲያዩ በኩሬው አንድ ጫፍ የቀርከሃ ዳስ ሠሩላቸው። ቀን ቀን ከዳሱ ሥር ተሰብስበው ጥላ ይሞቃሉ እንዳልል፣ ጥላ ይቀዘቅዛሉ።

ሁለቱ ባለ ኩሬዎች ተያይተው አያውቁም። ሆኖም በእኔ በኩል መልእክት መላላክ ጀመሩ። ሼኹ በአማርኛቸው ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔንም አንተ ነው የሚሉኝ።

«ለዚያ ሴት ንገር» አሉኝ አንድ ቀን። «የእኔ ዓሣ አያት ሆነች። የእሱ ዓሣ አሁንም ልጅ ነው። ታመመች እንዴ?»

አደረስኩ። እታለም ወገቧን ይዛ ሰማችኝ። «ለሼኹ ንገሪልኝ፣ የእሳቸው አያት በጨው ማንኪያ ትገባለች። የእኔ ልጅ ሰሃን አይበቃትም!»

ይኸንንም አደረስኩ። ሼኹ ለረጅም ጊዜ ሳቁና፣ «ትምጣና ታሳየኝ» አሉ።

እታለም ቀልድ መስሏት አልተወችውም። በሁለተኛው ዓመት መኪናችን ወደዚያ ሲወርድ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ትልልቆቹን ዓሦች ይዛ መንገድ ላይ ጠበቀችን። እንዳይሞቁባት ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላዋለች፤ መኪናው ወንዝ ዳር በቆመ ቁጥር ጆንያውን እንደገና ታረጥበዋለች። እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ እሷ ከኋላ ስለነበርን ውኃውን እንደ ቀዘቀዘ ማቆየቷን ልብ አላልኩም።

እንደደረስን የጎረቤቱ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ከአንዱ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጥኩ ሳለ፣ እታለም ጆንያውን ገፍፋ «ይኸውልዎት ልጄ!» አለችና ጀሪካኑን ኩሬው ውስጥ ደፋችው።

«ቆዪ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ግን አልደረስኩም። ዓሦቹ አንዴ በኃይል ተወራጩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጎናቸውን እያዞሩ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጡ። ከሥራቸው የሼኹ ትንንሾች እንደ ልባቸው ይሯሯጣሉ።

እታለም ፊቷ ልውጥ አለ። «ገደልኳቸው! በእጄ ገደልኳቸው!»

ሼኹ ግን ጀለቢያቸውን ሰብስበው ኩሬው ውስጥ ገቡ። እሷም ተከተለች፣ እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። በእጃችን እያፈስን ዳሱ ሥር ወደነበረ ግማሽ በርሜል አዛወርናቸው፤ ሾፌሩ ከቤት የማድጋ ውኃ አምጥቶ አቀዘቀዘልን። ውኃው ሲበርድላቸው ጥቂቶቹ ጉሮሯቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

«አሁን ነው ሥራው» አልኩ። «በቅል አንድ ከኩሬው፣ ከዚያ ማረፍ። ከዚያ ደግሞ አንድ። ሙቀቱን ሳያውቁት እንዲለምዱት።»

ሼኹና እታለም ከበርሜሉ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ቅሉን እየተቀባበሉ ሲቀዱ ጠዋቱ አለፈ። መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዓሣ ነበር። ቀስ እያለ ወደ ሌላው ተሻገረ። እሷ ከወሎ እንዴት እንደመጣች ነገረቻቸው፤ እንደደረሱ ያን ሣርና ያን ሙቀት ስታይ መኪናው መልሶ እንዲወስዳት እንዴት እንደለመነች። እሳቸው የዚያን ጊዜ ሰዎች እየመጡ ሲሰፍሩ ከሩቅ ሆነው ያዩ እንደነበር ነገሯት።

«ብዙ ሰው መጣ» አሉ። «እኛ ፈራን።»

«እኛም ፈርተን ነበር» አለች እታለም፣ ቅሉን ስትቀበላቸው።

«ኡክቲ፣ እኅቴ፣ እየው! ተነሣች!» አሉ ሼኹ።

እውነትም ትልቋ ዓሣ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ዳኑ። ሲለቀቁ አንዴ ተጠማዝዘው፣ ከትንንሾቹ መካከል እንደ ጎሽ እየገፉ ከዳሱ ሥር ገቡ። የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ።

ያላገገመው ዓሣ ለምሳ ሆነ። የሼኹ ባለቤት ትልቁን በባሚያ ወጥ ሠሩት፤ ከኩሬው የወጡ ትንንሾች ደግሞ ከነአጥንታቸው የሚበሉ እስኪሆኑ ተጠበሱ። በማሽላ ገንፎ ቀረበልን። ሼኹ ከትልቁ ቆርሰው አላመጡና ጎረቤቶቻቸውን ዞረው አዩ። «ሥጋ አለው» ብለው መሰከሩ። እታለም በበኩሏ ከትንንሾቹ እየቆረጠመች አላቆም አለች። «ይኼ ቆሎ ነው እንጂ ዓሣ ነው? ኧረ ጨምሩልኝ!»

እኔ ያን ቀን ስለ ሙቀትና ስለ ዓሣ እድገት ለጎረቤቶቹ ልነግር የተዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንድም አላስፈለገኝ። ሁለቱ ራሳቸው ያብራሩ ነበር። ሙቅ ውኃ ያጣድፋል፣ ቶሎ ያስወልዳል፣ ያሳንሳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ያዘገያል፣ ያደልባል። ዘሩ ግን አንድ ነው፤ አንድ በርሜል።

እታለም ስትመለስ የሼኹን ጫጩቶች ይዛ ተመለሰች። ባምባሲ ስትደርስ ውኃውን በብርጭቆ በብርጭቆ እያቀዘቀዘች ነው የለቀቀቻቸው። በቆላው የተወለዱት ጫጩቶች በእሷ ኩሬ ውስጥ ቀስ ማለት ተማሩ፤ ሰፉ፣ ወፈሩ። የእሷ ትልልቆች ደግሞ ቆላ ወርደው በመጀመሪያው በጋ አባትና እናት ሆኑ። ጎረቤቶቻቸውም ኩሬ መቆፈር ጀመሩ። ለጫጩት ወደ ሼኹ፣ ለትልቅ ዓሣ ወደ እታለም ይመጣሉ።

በክረምቱ ሼኹ የእታለምን ኩሬ ሊያዩ ባምባሲ ወጡ። ዝናብ ያካፋል፤ ጭጋጉ ማንጎዎቹን ሸፍኗል። ሁለት ጀለቢያ ደርበው ይንቀጠቀጡ ነበርና እታለም የባሏን ካፖርት አለበሰቻቸው፤ እጅጌው ጣታቸውን ውጦ አለፈ። ኩሬው ዳር ቆመው ውኃውን በጣታቸው ነኩና ጣታቸውን ቶሎ መለሱ።

«እነሱ እንዴት ቻለች?» አሉኝ፣ ወደ ዓሦቹ እያመለከቱ።

«ትንሽ ትንሽ ነዋ፣ ሼኽ።»

ሾፌሩ መንገዱ ሳይጨቀይ እንሂድ እያለ ጥሩምባውን ይነፋል። ሼኹ ዞር ብለውም አላዩት። ከእሳቱ አጠገብ ወንበር ሳቡ፣ እታለም የዓሣ ሾርባ በጣሳ ሰጠቻቸው፤ ጨርሰውም ጣሳውን መልሰው ዘረጉላት።