የአዴ ሩቂያን ዓሦች እንዴት እንደገደልኳቸው

ይህን ለአክስቴ አልነገርኩም፤ ለባሌም አልነገርኩም። ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። የሰው ዓሦች ገደልኩ። በእጄ ሳልነካቸው፣ በምክር ገደልኳቸው። "ዓሣ ምን አላት፣ በድስትም ትገባ የለ?" ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

አሰላ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የስልክ ቀፎና ቻርጀር እሸጣለሁ፤ በአንድ በኩል ደግሞ በመስታወት ገንዳ የሚቀመጡ የጌጥ ዓሦች። ከአዲስ አበባ ውሃ በሞላ ላስቲክ ታስረው በሚኒባስ ይመጡልኛል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሰውንም ያንቀጠቅጣል፤ እነዚህ ደግሞ የሞቀ አገር ፍጥረቶች ናቸው። ለጀማሪ ምን እንደሚባል አፌ ለምዶታል፦ ማሞቂያ ግዙ። ጠንካራ ጠንካራውን፣ ለዚያውም ጥቂት ብቻ ውሰዱ። ምግቡን ቆንጠር አድርጋችሁ ስጡ፤ ወዲያው ካልጨረሱት በዝቷል ማለት ነው። ውሃውን ሁሉንም አትድፉት፣ ከፊሉን ብቻ ቀይሩ፤ የቧንቧውንም አሳድራችሁ ጨምሩ። ይህን ለማንም ገዢ እናገራለሁ። ለአዴ ሩቂያ ግን አልተናገርኩም።

አዴ ሩቂያ ማን ናት? የናስር እናት ናት፤ አዴ የምንላትም እንደ እናት አክብረን ነው። ናስርና እኔ እንዋደድ ነበር፤ ሽማግሌ ሊልክም ተሰናድቶ ነበር። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታለች፤ አባቴም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየም። አዴ ሩቂያ ይህን ይዛ፣ ሁሩታ ከተማ አንድ ሠርግ ቤት፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ ያሳደገችኝ አክስቴ እየሰማች፣ "ገፊ ናት። እናት አባቷን የገፋች፣ የእኔን ልጅ ታተርፍልኛለች?" አለች። ናስር ሽማግሌ መላኩን ተወው። አዳማ ሄዶም ሌላ አገባ። ሰፈሩ ግን ቃሏን አልረሳትም፤ ያረገዘች ጎረቤት እኔን ስታይ መንገድ መቀየር ጀመረች። አክስቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ቂም ያዝኩ።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም ባል አገባሁ። የአዴ ሩቂያ ባል ሞተና ቤቱ ጭር አለባት። ናስር እንድትጽናና ብሎ ከአዳማ የመስታወት ገንዳ ላከላት። ዓሣ ፍለጋ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው፤ በከተማው ሌላ የሚሸጥ አልነበረማ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እያልኩ ወንበር ሰጠኋት፤ በልቤ ግን "መጣሽልኝ!" እላት ነበር።

"ኢንተላ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ "እኔ ይሄን ነገር አላውቅበትም። ያልሽኝን አደርጋለሁ።"

ያልኳትን አደረገች። እኔ ነኝ ሰማያዊና ቀይ የሚያብለጨልጩትን፣ ለጀማሪ የማይሰጡትን ስስ ዓሦች የመረጥኩላት። እኔ ነኝ "ማሞቂያ ለትልልቅ ገንዳ ነው" ያልኳት። እኔ ነኝ "ወደ መስታወቱ በመጡ ቁጥር ርቧቸው ነውና ይስጧቸው" ያልኳት። "በየሳምንቱ ውሃውን ሙልጭ አድርገው ደፍተው፣ ከቧንቧ ቀድተው ይሙሉት፣ ንጽሕና ይወዳሉ" ያልኳትም እኔው ነኝ። በዚህ ምክር የትኛው ዓሣ ይተርፋል?

ሞቱ። መጣች፤ ሌሎች ሰጠኋት። እነሱም ሞቱ። ደስ አለኝ ወይ? አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ጠግቦ እንደበላ ሰው እንቅልፌን ተኛሁ። በመጣች ቁጥር "ምን አጥፍቼ ነው?" ትለኛለች። እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ "ያልኩዎትን ሁሉ አድርገው ከሞቱማ..." እልና እተወዋለሁ። የቀረውን ራሷ እንድትጨርሰው ነበር። ጨረሰችው። አንድ ቀን ባዶ እጇን መጥታ "ገንዳውን ለሰው ሰጠሁት። እጄ ነው ልጄ፣ እጄ ነፍስ ያለው ነገር አይበረክትለትም" አለች። እኔ ስጠብቅ የኖርኩት ይህችን ቃል ነው። ገፊ መባል ምን እንደሆነ ቅመሺው አልኩ፣ በሆዴ።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? ልጇ ሰሚራ ሴት ልጅ ወለደች። አዴ ሩቂያ የልጅ ልጇን አላቅፍም አለች። አላጥብም፣ አላዝልም፣ እጄ ክፉ ነው አለች። ሰሚራ ሱቄ ድረስ መጥታ ለመነችኝ፤ "አንቺን ታምናለች፤ ዓሦቹ በሌላ ምክንያት እንደሞቱ ንገሪያት።" ከእሷ የሚጠበቀው ልመና ነበር፤ ከእኔ የሚጠበቀው አንዲት እውነተኛ ቃል ነበረች። "ጊዜ ይፈታዋል" ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ አዴ ሩቂያ ለሐጅ ተነሳች። እንደ ደንቡ ከመሄዷ በፊት ቤት ለቤት፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ይቅርታ ለመነች። እኔም ዘንድ መጣች፤ ሰሚራ ልጇን ታቅፋ ከኋላዋ ቆማለች። "በማውቀውም በማላውቀውም አፉ በይኝ" አለችኝ። ጠበቅኩ። "ገፊ ብዬሽ ነበር" እንድትል ጠበቅኩ። አላለችም። ረስታዋለች! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይሄ አይደል? ያንኑ "በማውቀውም በማላውቀውም" ለጎረቤቴ ለበርበሬ ሻጩም ብላው ነው የመጣችው። ደሜ ፈላ። "አፉ ብያለሁ" አልኩ፣ በከንፈሬ ብቻ። "አንቺስ? ያስቀየምሽኝ ነገር ካለ ንገሪኝና እኔም አፉ ልበልሽ" አለች። ሕፃኗ ወደ አያቷ ተንጠራራች። አዴ ሩቂያ እጆቿን ሻርፗ ስር ከተተቻቸው። አየሁ፣ በዓይኔ አየሁ።

"ምንም የለም" አልኩ። "አላህ በሰላም ይመልስዎ።"

በሰላም ተመለሰች። የዘምዘም ውሃና ቴምር ይዛልኝ መጣች። "ካዕባ ፊት ቆሜ ስለ እጄ ዱዓ አደረግኩ" አለችኝ፤ "አንቺንም አልረሳሁሽም፣ ብዙ ለፍተሽብኛል።" ውሃውን እፊቷ ጠጣሁት።

ነገ ሄጄ እነግራታለሁ ብል ደስ ይላችሁ ነበር። አልልም። ቂሜ ዛሬም አልበረደም፤ ያለችኝን አስታውሳ፣ በስሙ ጠርታ እስክትለምነኝ ድረስ እጠብቃለሁ። እንደማይሆን እያወቅኩ እጠብቃለሁ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ያልተውኩትን ነገር በምን አፌ ይቅር አስብላለሁ?

የሰሚራ ልጅ አሁን በእግሯ መሄድ ጀምራለች። በቀደም ከሱቄ ፊት ለፊት በግንባሯ ወድቃ ጮኸች። አያቷ አጠገቧ ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ "ሰው! ሰው!" እያለች ትጣራለች። ሮጬ ያነሳኋት እኔ ነኝ። አቅፌ፣ አባብዬ፣ አፈሩን ከግንባሯ ጠረግኩላት፤ ትከሻዬ ላይ ዝም አለች።

"አላህ እጅሽን ይባርከው" አለችኝ አዴ ሩቂያ።

"አሚን" አልኳት።