የሰሚራ አሻንጉሊት ዓይኖች

ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን እዘረዝርና ይቺን አንዲቷን በጥርሴ ይዤ እነሣለሁ። ለልጄም አልነገርኩም። ሚስቴ ወርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ራሷ ደረሰችበት እንጂ እኔ አልነገርኳትም፤ ስለዚህ እሷ አትቆጠርም። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነውና ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ነገሩን እዩልኝ።

እኔ ቶሎሳ፣ የአምቦው ሰዓት ሠሪ፣ የአንዲት ልጅ አሻንጉሊት ዓይን ሰርቄአለሁ።

ያስቃል፣ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ያታለልኩት እንዲሁ ብዬ ነው። አሻንጉሊት ናት፣ ላስቲክ ናት፣ ምን አለበት አልኩ። ደግሞ ስርቆቱ የነገሩ ጫፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው እንዲህ በስተርጅና እርሳስ ያስጨበጠኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው። ከሱቄ ጎን ጨርቅ የሚሸጥ አቶ ኸይረዲን የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። ስልጤ ነው፤ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ቤት ሠርቶ ልጅ ያፈራ፣ ቃሉን ከሚያጥፍ ጣቱን ቢቆርጡት የሚመርጥ ሰው። ሰሚራ የሱ ልጅ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ምላሷ ምላጭ ነው። ሱቄ በር ላይ ትቆምና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ሁሉ አይታ፣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ ሁሉም የየራሱን ይላል፤ ውሸታሙ የትኛው ነው?» ትለኛለች። እኔ አባርራታለሁ፤ እሷ ትመለሳለች። ሳትመጣ የዋለች ቀን ሥራ አይጥመኝም ነበር።

ጅዳ ያለችው አክስቷ አሻንጉሊት ላከችላት። ሲያስተኟት ዓይኗን የምትጨፍን፣ ሲያነሧት የምትገልጥ። እኛ አገር እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። ልጆቹ ብቻ አይምሰሏችሁ፤ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ፣ ስንት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ተራቸውን ጠብቀው ሁለት ጊዜ አስተኝተው አስነሥተዋታል። ሰሚራ ደግሞ አሻንጉሊቷ በመጣች በሳምንቷ ያንዱን ዓይን ሽፋሽፍት በአባቷ መቀስ ከመሐሉ ቆረጠችው። ለምን ስትባል ያድግ እንደሆነ ለማየት አለች።

የእኔዋ ጫልቱ የሰሚራ ጓደኛ ናት፤ በሁለት ዓመት ታንሳታለች። ከጋብቻችን በአሥራ አንደኛው ዓመት የመጣች አንድ ልጃችን ናት። በዚያው ሰሞን ኩፍኝ ያዛት። እንደ ደንቡ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ጨለማ ውስጥ አስተኛናት፤ ሰው እንዳይገባም ተከለከለ። ዓይኗ አባብጦ ይጣበቅ ነበር። አንድ ጠዋት ሲጣበቅባት ወርቄ በለብ ያለ ውሃ እስክታላቅቀው ድረስ ልጅቷ የታወረች መሰላት። ከዚያ ወዲያ አልጨፍንም አለች። ከጨፈንኩ አይከፈትም አለች። ሁለት ቀን እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር፣ ያን የተቃጠለ ዓይን ፈጥጣ ተኛች። አባብለን፣ ተቆጥተን፣ ለምነን አቃተን።

ሰሚራ አሻንጉሊቷን ይዛ ሱቄ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ዓይኖቹ አንከፈትም ብለው ነበር። «ሰዓት ከጠገኑ ይቺ አታቅትዎትም» አለችና የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣት ሄደች።

የአሻንጉሊቷን ጭንቅላት ከአንገቱ ነቅዬ ውስጡን አየሁ። ኳስ የመሰሉ ሁለት ዓይኖች አንድ ሽቦ ላይ ተሰክተዋል። ከሽቦው መሐል አንዲት ከባድ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ተንጠልጥላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሞላ የለው፣ ጥርስ የለው። አሻንጉሊቷ ስትተኛ እርሳሷ በክብደቷ ወደ ማጅራት ትሄዳለች፤ ሽቦው ይዞራል፤ ዓይኖቹ ይከደናሉ። ስትነሣ እርሳሷ ትመለሳለች። ዕድሜ ልኬን የሰዓት ሆድ ስከፍት እንዲህ ያለ ቀላል ብልሃት አላየሁም። ሰሚራ አጥባት አሸዋ ገብቶ ነው የያዘው። በወረንጦ አወጣሁት፤ አንድ ጠብታ ዘይት ጨመርኩ፤ ዳነች። ሥራው አለቀ። እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለጫልቱ ላሳያት ብዬ ቤት ይዣት ሄድኩ። ይኸው ጨፈነች፣ ይኸው ከፈተች አልኳት። ጫልቱ አሻንጉሊቷን ጎኗ አስተኛች። አሻንጉሊቷ ስትጨፍን ጫልቱም ጨፈነች። ወዲያው ገልጣ አየች። አሻንጉሊቷን አነሣች፤ ተከፈተ። ደግማ አስተኛቻት። ስንት ጊዜ እንደደጋገመችው እንጃ። ከዚያ እጇ አሻንጉሊቷ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔና ወርቄ በሩ ላይ ቆመን ትንፋሿን አዳመጥን። ወርቄ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንደዚያ እንዳታስቡ። ኸይረዲንን ለአንድ ሳምንት አውሰኝ ብዬ ብጠይቀው እምቢ ይለኝ ነበር? ሰሚራ ብትሰማ ራሷ እየሮጠች አታመጣም ነበር? ታመጣ ነበር። አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቅኩም? መለመን አልወድም። የኔ ልጅ በሰው ዕቃ ተኛች እንዲባል አልፈለግኩም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ከልጅ ፍቅር አይደለም የሰረቅኩት፤ ከኩራት ነው።

ከዋንዛ እንጨት ትንሽ ጭንቅላት ጠርቤ ዓይኖቹን ከነሽቦው፣ ከነእርሳሱ ተከልኩበት። ወርቄ ሰውነቱን በጨርቅ ስትሰፋልኝ ዓይኖቹን ከየት እንዳመጣኋቸው አልጠየቀችም። ሰፍታ ስትጨርስ ግን መርፌዋን እየሰካች፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ልጅ ዕቃ መልስ» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው።

አልመለስኩም። ለሰሚራ አሻንጉሊት ከአሮጌ ካፖርቴ ሁለት ጥቁር ቁልፎች ቆርጬ በዓይኖቹ ቦታ ሰፋሁባት። ሽቦው ዝጎ ተበጠሰ፣ ጣልኩት አልኳት። ያ ምላጭ ምላሷ ይዘለዝለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁልፎቹን አየቻቸው፤ እኔን አየችኝ። «ምንም አይደል አባባ፤ ሞክረዋል» አለችኝና አቅፋት ወጣች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ጫልቱ ዳነች። ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ወረደ። ሰሚራ ልትጫወት በመጣች በመጀመሪያው ቀን የእንጨቷን አሻንጉሊት አንሥታ አስተኛቻት። ዓይኖቹ ተከደኑ። የግራው ሽፋሽፍት ከመሐሉ የተቆረጠ ነው። ግቢው ውስጥ ወርቄና ሁለት ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ነኝ። ልጅቷ አልጮኸችም። «ይሄ የኔ አሻንጉሊት ዓይን ነው» አለች፣ እንዲያው ዝናብ መጣ እንደሚባለው።

አዎ ልጄ፣ ያንቺ ነው ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ነው አልኩ። እሷ አይደለም አለች። እኔ ነው አልኩ። ጎረቤቶቹ ወሬውን ይዘው ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ የኸይረዲን ልጅ ቶሎሳን ሌባ አለችው አለ፤ ኸይረዲንም ሰማ። ጋሽ ደምሴ ነገሩ በጎረቤት መሐል እንዳያድር ብለው ሱቄ በረንዳ ላይ ሰበሰቡን።

ሰሚራ መሐል ቆማ ሽፋሽፍቱን ራሴ ነኝ የቆረጥኩት አለች። እኔ ሽፋሽፍት በራሱም ይረግፋል አልኩ። ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው እንግዲህ ማል አሉኝ።

«ጫልቱ ትሙት፣ አልወሰድኩም።»

እንዲህ ብዬ ነው የማልኩት። ገና ከኩፍኝ በተነሣች አንድ ልጄ። እንዲህ የማለን ሰው ማን ይጠረጥራል? እኔም ቢሆን ሌላ ሰው እንዲህ ቢምል አምነው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫልቱ ባሳለች ቁጥር ሞቴን እመኝ ነበር፤ ግን ስታስልም አልተናገርኩም። ወርቄ አንድ ወር ሙሉ ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላችም።

ኸይረዲን በሀፍረት ራሱን ደፋ። ልጁን ሂጂ የኦቦ ቶሎሳን ጉልበት ሳሚ አላት። እምቢ አለች። በማግስቱም እምቢ አለች። ምግብ አልበላ ብላ እንደዋለች ሰማሁ፤ ሰምቼ ሰዓቴን ጠገንኩ። በሦስተኛው ቀን አባቷ እጇን ይዞ መጣ። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«ተሳስቻለሁ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ብያለሁ አልኩ። ሰማችሁ? የሰረቅኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ በልጄ የማልኩት እኔ፣ ይቅር ባይም እኔ ሆንኩ። እንዲያውም ራሷን ዳበስኩ።

ሰሚራ ሱቄ በር ላይ ቆማ አታውቅም ከዚያ ወዲህ። ጫልቱ ብትጠራት ብትጠራት አልመጣ ስትላት ተወቻት። ልጆቹ አደጉ። ጫልቱ አግብታ ጊንጪ ገባች። ወርቄ ሞተች። እኔም ረስቼዋለሁ ማለት ጀመርኩ።

አምና የአጎቴ ልጅ ሞቶ ለቅሶ እጃጂ ሄድኩ። ከመኪና ስወርድ አንዲት ሴት አባባ ቶሎሳ ብላ ተጣራች። ሰሚራ ናት። እዚያ መምህር ሆና፣ አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ሻይ ሳይጠጡ አይሄዱም ብላ እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። ልጆቿን ጠርታ እኔን አሳየቻቸው። ትንሽ ሳለሁ እኚህን የመሰሉ ሰው ሌባ ብያቸው ነበር፤ ይቅር ብለውኛል፤ እናንተም በደንብ ሳታዩ አየን አትበሉ አለቻቸው። እየሳቀች ነው። ከዚያ በጨዋታ መሐል አንድ ነገር ነገረችኝ። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ጠፍቶ ዘበኛው ተጠረጠረ። ሌላ ሰው ሲወስደው በዓይኗ አይታለች። ስትጠየቅ ግን ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለች። ዘበኛው ተባረረ። ዓይኔን አላምነውም አባባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ አለችኝ።

ከልጅነቷ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ሻዩን ጠጣሁ። አመስግኜ ወጣሁ። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ያኔ የሰረቅኩት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን አውቄ ዝም አልኩ።

ወራት አልፈው ባለፈው ሳምንት ከኸይረዲን ሱቅ ገባሁ። አርጅቷል፤ አሁንም ጨርቅ ይሸጣል። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማኝ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈ፣ ደግሞ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። ይሰድበኛል ብዬ ቆምኩ።

«ቶሎሳ» አለ፣ «እኔ ልጄን አላመንኳትም።» ሱቁን በቀትር ዘግቶ ሄደ። እስካሁን ሰላም አይለኝም፤ እኔም ልክ ነው ብያለሁ።

ሰኞ እጃጂ ሄድኩ። ሰሚራ ደጃፏ ላይ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ተቀመጡ ብትለኝ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳት። ዓይኖቹን፣ ዋንዛውን፣ መሐላውን፣ አንዱንም ሳላስቀር። ቀይ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ቀረ። ፊቷን ሳየው ያቺ የስምንት ዓመቷ ልጅ ነበረች። ልጆቿን ጠራችና፣ «ለነሱም እርስዎ ይንገሯቸው» አለችኝ።

ለሁለት ሕፃናት ነገርኳቸው። እናታችሁ አልዋሸችም፣ አልተሳሳተችም፣ ያየችው ልክ ነበር፣ ሌባው እኔ ነኝ አልኳቸው። ትንሿ ለምን ሰረቅክ አለችኝ።

ሰማንያ ልሞላ ጥቂት የቀረኝ ሽማግሌ፣ ጉልበቴን እየያዝኩ ወደ ሰሚራ እግር ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«ዛሬ ይቅር አልልዎትም አባባ» አለች። «ይቀመጡ፣ ሻይ ላምጣልዎት።»

ተቀመጥኩ። ሻዩን አመጣች፤ ስኳሩን እንደምወደው አበዛችልኝ። ከዚያ ወደ ተባረረው ዘበኛ ቤት የሚወስደውን መንገድ ለልጆቿ ስትነግራቸው፣ ነገ አብረን እንሄዳለን ስትላቸው ሰማሁ።

ይህን ጽሑፍ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ቆሜ አነበዋለሁ። ጋሽ ደምሴ አልፈዋል፤ በረንዳው ላይ ከነበሩት ጥቂቶች ግን አሉ፣ ይስሙ። ጫልቱም ከጊንጪ እንድትመጣ ልኬባታለሁ፤ በሷ እንደማልኩ ከእኔ አፍ ትስማ። እናንተ ግን ይቅር ይበልህ አትበሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የሰሚራ ነው፣ እሷም ዛሬ አይደለም ብላለች። ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ። እምቢ ካለች በሚቀጥለው ሰኞ እሄዳለሁ። ደግ አደረገች። እኔ በደቂቃ ውስጥ ነበር ይቅር ያልኳት።