የፋቅሁት ግድግዳ

በሰባት ቁጥር ክፍል፣ ከመስኮቱ በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ጽሕፈቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሠርቻለሁ። ያም ሆኖ መልሱን አላውቀውም።

ዛሬ ቤተ መጻሕፍት የሆነውን ግቢ አዳማ ውስጥ የማያውቀው የለም። በስሙ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። ሰው «እዚያ ግቢ» ይላል። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ጠዋት ስሳፈር «እዚያ ግቢ ነሽ?» ብለው ነው የሚጠይቁኝ። ጣሊያን ለጥይት ማከማቻ ሠራው ይባላል። ከዚያ እስር ቤት ሆነ፤ እስር ቤትነቱም ሁለት መንግሥት ተሻገረ። አባቴ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ነበር። ወደ ከተማ ይዞኝ ሲመጣ በዚያ በኩል ማለፍ ካለብን መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም።

ሥራ የገባሁት መንግሥት ተለውጦ እስረኞቹ ከወጡ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ግቢው የእህል መጋዘን እንዲሆን ተወስኖ ቀቢዎች ይፈለጉ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም። የቀቢዎቹ ፎርማን ጋሽ ገመቹ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ኮፍያቸው ላይ የደረቀው ኖራ ጨርቅነቱን አስረስቶታል።

«ኖራ ነክተሽ ታውቂያለሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ቤታችንን ለበዓል እቀባ ነበር።»

«እሱ መቀባት አይደለም፣ ግድግዳ ማታለል ነው። እዚህ እንዲያ የለም።»

የዚያን ቀን የተማርኩት ኖራ ማብላላት ነው። ድንጋዩ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈላል፤ ያድራል። በማግሥቱ በጆንያ ይጠለላል፣ ጨው ይጨመርበታል። ጨው ካልገባበት ልብስ ላይ ይራገፋል። ግድግዳው መጀመሪያ በውሃ ይርሳል። አንደኛው እጅ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዙር ቅብ፣ ወደ ጎን፣ ሁለተኛው እጅ ከላይ ወደ ታች ይቀባል። ማዕረጉም ቀላል ነበር፦ የቀን ሠራተኛ፣ ረዳት ቀቢ፣ ቀቢ፣ ፎርማን። እኔ የመጀመሪያው ላይ ነኝ።

ክፍሎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ስንገባ ማንም ሳያዘን ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ግድግዳው ሥር፣ ሰው ቁጭ ብሎ በሚደገፍበት ከፍታ፣ ጥቁር ቅርጾች ተደርድረዋል። ወዝ ነው። ሰው ለዓመታት ጀርባውን ሲያስደግፍ ልስኑ ውስጥ የገባ ወዝ። ከእያንዳንዱ ጀርባ በላይ የራስ ቅል የሚያህል ሌላ ጥቁር ነጥብ አለ። ስድስት ቁጥር ውስጥ ስንቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ።

«እኛ ስንገባ ተነሥተው ሊወጡ ነው እንዴ?» አለች ዘይነባ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። በነገር ሁሉ ትቀልዳለች። በዚያ ቀልዷ ግን አንዳችንም አልሳቅንም፤ እሷም አልሳቀች።

ለእያንዳንዳችን ክፍል ተመደበ። ለዘይነባ ስድስት፣ ለእኔ ሰባት። ሰባት ቁጥር ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ነው። መስኮቱ ከራስ በላይ ነው። ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ግድግዳ ከጉልበት ጀምሮ ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ በጭረት ተሞልቷል። ጭረቱ ደቃቅ ነው፣ መስመር የጠበቀ ነው። ጽሕፈት መሆኑን አውቄያለሁ። ለእኔ ግን ያው የአይጥ ኮቴ ነበር።

ጋሽ ገመቹ መጥተው በጣታቸው ዳሰሱት። እሳቸውም ከቁጥር በቀር አያነቡም።

«ጭረት ውስጥ ነቀዝ ይገባል» አሉ። «እህል ነው የሚቀመጥበት። ፍቀሽ አስተካክዪው። ከዚያ ጄሶ በኮላ ለውሰሽ ምቺው። ከዚያ ኖራ።»

ትእዛዙ ለሁሉም ክፍል አንድ ነበር። እንደታዘዘው የሠራሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። በሽቦ ብሩሽ ጀመርኩ፤ የጭረቱ ጥልቀት አልጠፋ አለ። የብረት መፋቂያውን ስፓቱላ ወሰድኩ። ልስኑን በጭረቱ ልክ እስኪወርድ ድረስ ከጥግ እስከ ጥግ ላጥኩት። ዱቄቱ አፌ ውስጥ ይገባል፤ ጨው ጨው ይላል። ሦስት ቀን ፈጀ። እጄን ሳሳልፍበት ምንም አልነካኝም። የሌሎቹን ግድግዳዎች ወዝም እንዲሁ ከልስኑ ጋር አነሣሁት።

ዘይነባ ስድስት ቁጥርን በአንድ ቀን ጨረሰች። አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች ማንበብ ትችላለች።

«አልፋቅሽውም እንዴ?» አልኳት።

«እኔ እነሱ ላይ ስፓቱላ አላነሣም። ኖራውን ደፋሁበት፣ ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።»

«ምን ይላል?»

«አላነበብኩትም። አንቺ ደግሞ አለማወቅሽ ጠቅሞሻል፣ ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ጋሽ ገመቹ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርተው ሰባት ቁጥርን አሳዩ። «ግድግዳ ማለት ይሄ ነው» አሉ። በዚያው ሳምንት ረዳት ቀቢ ሆንኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ የተመሰገንኩት ያኔ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደስ ብሎኝ ኖሬአለሁ።

የቀለሙ ሥራ ሲያልቅ መጋዘኑ በጽዳት ሠራተኝነት አስቀረኝ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ቦሎቄ ይገባል፤ ይወጣል። በየዓመቱ ነቀዝ የሚነካው ስድስት ቁጥርንና ስምንት ቁጥርን ነው። ሰባት ቁጥርን አንድም ዓመት አልነካውም። የመጋዘኑ ኃላፊ እንግዳ ሲመጣ ይዞ የሚገባው እዚያ ነበር።

ወዛደሮቹ ግን ሰባት ቁጥርን አይወዱትም። ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ስትናገር ድምፅህ ይዋጣል። እዚያ ግን ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ ይመልሰዋል፤ ያውም ትንሽ ዘግይቶ። አንዱ ወዛደር ኩንታሉን ጥሎ ወጣና «ሳስል ሌላ ሰው አብሮኝ አሳለ» አለኝ። ምክንያቱን አስረዳሁት። ሰማኝ፤ ተመልሶ ግን አልገባም። የታኅሣሥ ነፋስ ሲነሣ እኔም ጠርጌ ቶሎ እወጣ ነበር።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኖራ እርጥበት ሲጠጣ ይሳሳል። ጀርባዎቹ በየክፍሉ ተመልሰው ይወጣሉ። በየመስከረሙ እንቀባቸዋለን፤ በየሐምሌው ይመለሳሉ። ሰባት ቁጥር ውስጥ ብቻ ማንም አልተመለሰም።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ፊደሉን በሁለት ወር ጨረስኩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ቁጥርን ልጠርግ ገባሁ። ኖራው ርሶ ግድግዳው ግራጫ ሆኗል። ከወዙ ቅርጾች በአንዱ ትከሻ አጠገብ ጭረት አየሁ፤ ሳላስበው ማንበብ ጀመርኩ። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ንባቤ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ ነበር ያነበብኩት።

«ዛሬ ጎረቤቴን ጠሩት። ጫማውን ሳያደርግ ሄደ።»

ከጎኑ ያለውን ቅርጽ አየሁት። ሌሎቹ መሐል ላይ የጠቆሩ ናቸው፤ እሱ ግን የሳሳ ነው። ብዙ አልተቀመጠበትም።

መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ሰባት ቁጥር ሄድኩ። የስንዴ ጆንያዎች መሐል ገብቼ በግራ በኩል ያለውን ግድግዳ ዳበስኩት። እንደ ሳህን ለስልሷል። እዚያ ቆሜ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌት ተቀን አሰብኩበት። የጭረቱን መልክ ለማስታወስ ሞከርኩ። ያየሁት እንደ ማይም ስለሆነ ያስቀረሁት ሥዕል ነው፦ አንዱ በርጩማ ይመስል ነበር፣ አንዱ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ሰው። የፊደል ገበታ ዘርግቼ ፈለግኳቸው። እርግጠኛ የሆንኩባቸው አራት ፊደሎች ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚመጣ አላውቅም። ከአራት ፊደል ምንም አይወጣም። ለማንም አልነገርኩም። ለዘይነባም፤ እሷ የዚያን ጊዜ አግብታ ሞጆ ሱቅ ከፍታለች።

መጋዘኑ ተዘግቶ ግቢው ለጥቂት ዓመታት የተማሪዎች ማደሪያ ሆነ። በመጨረሻም ከተማው ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ወሰነ፤ ስምንቱ ክፍሎች ለንባብ፣ አራቱ ለመታሰቢያ። እኔ በዚህ መሐል ማታ ማታ ተምሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ዲፕሎማ ይዤ ነበር። ግድግዳውንም ስለማውቀው ኖራውን የማንሣቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ።

ኖራ ማንሣት ከመቀባት ይከብዳል። በስፖንጅ ታረጥበዋለህ፤ ሩብ ሰዓት ትጠብቃለህ፤ በእንጨት ስፓቱላ ሽፋን በሽፋን ታነሣለህ። ብረት ክልክል ነው። በቀን ሁለት ስንዝር ከተሠራ ብዙ ነው። ሳይፍቁ በቀቡት ሰነፎች ክፍሎች ውስጥ ሁሉም ነገር ተገኘ። ስም፣ የልጅ ስም፣ የመንደር ስም፣ ቀን መቁጠሪያ። ዘይነባ ሳትፍቅ ኖራ የደፋችበት ስድስት ቁጥር ከሁሉ የበለጠ ሙሉ ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ከመቂም ከዝዋይም እየመጡ ማየት ጀመሩ።

ወይዘሮ ብርቄ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሴት ናቸው። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፤ በዚያ ግቢ ታስረው አልተመለሱም። ከሰባት ቁጥር በሕይወት የወጣ አንድ ሰው ለወይዘሮዋ ነግሯቸዋል፦ መምህሩ በማንኪያ እጀታ፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ በየቀኑ ለእሳቸው ይጽፉ ነበር።

«ማንበብ አልችልም ነበር እኮ» አሉኝ። «እሱም ያውቃል። ታዲያ ለምን ጻፈልኝ እያልኩ ኖርኩ። ኋላ ሄጄ ተማርኩ። በስድሳ ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር። ሲስቁብኝ ብታዪ።»

«መቼ ይደርሳል የእሱ?» አሉ ቀጥለው።

«ተራውን ጠብቆ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

በየሐሙሱ ይመጣሉ። ሰባት ቁጥር ገብተው ወንበር ይጠይቃሉ፤ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔ ስድስትን ጨርሼ ስምንትን ጀመርኩ። ስምንትን ጨርሼ ዘጠኝን። ሻሸመኔ ያለችው ልጃቸው አንድ ቀን ቢሮዬ ደወለች።

«እናቴን እኔ ጋ ነይ ብላት እምቢ አለችኝ። ብቻዋን በኪራይ ቤት፣ በዚህ ዕድሜ። ግድግዳው ሳይገለጥ ከአዳማ አልወጣም ትላለች። ባለፈው ወድቃ ጎረቤት ነው ያነሣት። እባክሽ እሱን ክፍል ቶሎ ጨርሽልን።»

«እሺ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወንበራቸውን ይዤላቸው ገባሁ። ሌላ ወንበር ለራሴ ያዝኩ።

«እማማ፣ እዚህ ኖራ ሥር ምንም የለም።»

«ተራውን ጠብቆ ነው አልሽኝ እንጂ።»

«ዋሽቻለሁ። እኔ ነኝ የፋቅሁት። ያኔ ቀቢ ነበርኩ። ልስኑን እስከ ሥሩ አውርጄዋለሁ።»

እኔን አላዩኝም። መዳፋቸውን ከግድግዳው ቀስ ብለው አነሡት።

«ምን ይል ነበር?»

«ማንበብ አልችልም ነበር።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ተማሪ ሲስቅ ተሰማ፤ ሌላው ዝም አሰኘው።

«ብዙ ነበር?» አሉ።

ተነሥቼ በእጄ አሳየኋቸው። ከዚህ፣ ከጉልበቴ ጀምሮ፣ እስከዚህ፣ ክንዴ እስከሚደርስበት። ከጥግ እስከ መስኮቱ።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።»

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ሦስት ቀን።»

«እሱ ሁለት ዓመት ጽፎታል» አሉ። ቁጣ የለበትም። የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው ነበር የተናገሩት።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ለልጄ ደውዪና ቅዳሜ መጥታ ትውሰደኝ በያት» አሉ። በሩ ድረስ ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ለልጃቸው ደወልኩ። ቀጥሎ ለቀቢዎችና ለጽዳት ሠራተኞች የሚሰጠውን የሥራ መመሪያ አውጥቼ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩበት፦ ግድግዳ ከመፋቁ በፊት ማንበብ የሚችል ሰው ይየው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ እስኪገኝ ድረስ ሥራው ይቁም።