የክረምት የሽንት ጨርቅ

ዛሬ ጠዋት እናቴ የልጄን የሽንት ጨርቅ እያገላበጠች ስትስቅ ስትስቅ፣ በመሃል እንባዋ መጣ።

ልጄን ልታይ ከጋሳይ ወደ እኔ ቤት፣ ደብረ ታቦር ከመጣች ጥቂት ቀኗ ነው። ጨርቁ እየታጠበ የሚደረግ ዘመናዊ ነው፤ ልጁ በወፈረ ቁጥር ቁልፉን አንድ ረድፍ አሻግሮ ማስፋት ይቻላል።

"አንቺ ያደግሽው በአባትሽ አሮጌ ጋቢ ቅዳጅ ነው" አለችኝ።

ይኼንንስ አውቃለሁ። እኛ ቤት ጋቢ ጡረታ ወጥቶ አያውቅም 😄

"ክረምት ግን አልደርቅ ይለኝ ነበር። እሳት ዳር ሳሰጣው ደግሞ ጭስ ጭስ እየሸተተ ያስልሻል። ያኔ አባትሽ እርጥቡን ተቀብለውኝ ወገባቸው ላይ ይጠመጥሙትና ጋቢ ደርበው ይቀመጣሉ። በገላቸው ሙቀት አድርቀው ይሰጡኛል። እንግዳ ከመጣ 'ብርድ ሆዴን ይዞኛል' ይላሉ።"

እኔ የማውቃቸው አባባ ኮስታራ ነበሩ። ድምፃቸውን ስንሰማ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። አቅፈውኝ ያውቁ እንደሆነ እንኳ ትዝ አይለኝም።

"እማዬ፣ በሕይወት እያሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብለውኝ ነበር። ያፍሩ ነበራ!"

አባባ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። ዛሬ አባቴ ናፈቁኝ።

እናንተስ፣ ወላጆቻችሁ ሳይነግሯችሁ ያደረጉላችሁን ነገር ዘግይታችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ። አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ እናታችሁን ጠይቁ።